ክዳኑ በእሷ፣ ሶኬቱ በእሱ

ልብስ ሰፊዋና ሹፌሩ ወንድሟ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ስድስት ዓመት አለፋቸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ እነዚህ ግን በክፋት ቁርጥ አንድ ናቸው። አባታቸው ሲሞቱ ዘመድ ተሰብስቦ ቤቱን ለሁለት አካፈላቸው። በመሃለኛው ግድግዳ ውስጥ የተገነባው፣ ከሁለቱም ክፍል የሚታየው አኳሪየም፣ የመስታወቱ የዓሣ ገንዳ፣ ግን አስቸገረ፤ ቢነሳ ግድግዳው ይፈርሳል። ክዳኑ የሚከፈተው በእሷ በኩል ስለሆነ ማጽዳቱና መመገቡ ለእሷ፣ ሶኬቱ በእሱ ክፍል ስለሆነ መብራቱና የአየር ፓምፑ ለእሱ ተባለ። የተጣላ ወንድምና እህት በዓሣ ይታረቃል? ዘመድ እንዲህ ነው፤ ነገሩን ቋጥሮላችሁ ይሄዳል።

እሷ የራሷን መላ አገኘች። ሪባን የመሰሉትን ረጃጅም የውሃ ተክሎች መከርከም ተወች። ቅጠሎቹ ውሃው ገጽ ላይ ደርሰው ተጣጠፉ፣ ተደራረቡ፣ መስታወቱን እንደ መጋረጃ ሞሉት። ለጎረቤት «ፊቱን ማየት ስለሚያስጠላኝ ነው» ትላለች። እውነቱ ሌላ ነው። ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት ግማሽ ሰዓት ትታገላለች። ደንበኞቿን «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያለች ቀጠሮ ታራዝምባቸዋለች። ቤቱ የተከፈለ ዕለት ወንድሟ በሰው ፊት «ቆይ ብቻ፣ እጅሽ የደከመ ቀን ደጄን ትጠኚያለሽ» ብሏታል። ያ ቀን መምጣቱን እንዳያይባት ከቅጠል ጀርባ ተደበቀች።

ከገንዳው በላይ እጅ የማታስገባ ክፍተት አለች። ስድብ ግን በደንብ ታሳልፋለች።

«አንቺ ሴትዮ!» አለ ወንድሟ አንድ ቀን ለምሳ ገብቶ። ድሮ «እትዬ» ነበር የሚላት። «ይሄን ጫካሽን አትቆርጪውም? ዓሦቹ አየር አጥተው አፋቸውን ከፍተዋል እኮ!»

«አንድ ቀን አብልተሃቸው ታውቃለህ? ምን ጥልቅ አደረገህ!»

«ካልቆረጥሽ ሶኬቱን እነቅለዋለሁ።»

«ንቀለው! ከፈለግህ ግድግዳውንም ጨምረህ ንቀለው!»

ነቀለው። ሌላ ሰው ቢሆን አስፈራርቶ ይተዋል፤ እሱ ለክፋት ሲሆን ቃሉን ያከብራል። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ በቅጠሎቹ መሃል እየተሹለኮለኩ ውሃው ገጽ ላይ ያለከልኩ ጀመር። አንዱ በጎኑ ተንሳፈፈ። ለወንድሟ ያልራራ አንጀቷ ለዓሣ ራራና ረጅሙን መቀስ አነሳች።

አባቷ ያስተማሯት ነገር ነበር፤ ይህ ተክል ከመሃሉ አይቆረጥም። ከመሃሉ የተቆረጠ ቅጠል ከቁስሉ ጀምሮ ይበሰብስና ውሃውን ያበላሻል። ያረጀው ቅጠል እየተመረጠ፣ አንድ በአንድ፣ ከሥሩ ነው የሚወጣው። ይህ ደግሞ የሰከነ እጅ ይፈልጋል።

እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ብብቷ ነከረች። መቀሱ ውሃው ውስጥ ተርገፈገፈ። አንዱን እቆርጣለሁ ስትል ሁለት ጤነኛ ቅጠል ከረከመች፤ ሌላውን ከነሥሩ መዝዛ ጠጠሩን በታተነችው። አርባ ዓመት ሐር የቆረጠ እጅ! ራሷን ሰደበች። እንደምንም እየለቀመች አወጣችው፤ መጋረጃው ሲሳሳ ከመስታወቱ ማዶ የወንድሟ ፊት ብቅ አለ። ምን ያህል ቆሞ እንዳያት አላወቀችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«አፍንጫህን ላስ! ሂድና ለሰፈሩ አውራ!»

አልሳቀባትም። ቀኝ እጁን አንስቶ መስታወቱ ላይ አሳረፈ። ጣቶቹ መስታወቱን ያንኳኩታል፤ በግራው ቢጫናቸውም አላቆሙም። አባታቸውም በመጨረሻ ዘመናቸው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ከብርጭቆ ሻይ መጠጣት አቅቷቸው ነበር።

ለአፍታ አሳዘናት። ወዲያው ደግሞ ደሟ ፈላ።

«በዚህ እጅ አውቶቡስ ትነዳለህ?»

«አንቺስ በዚያ እጅ ትሰፊ የለ!»

«እኔ ብስት የሚበላሸው ጨርቅ ነው!»

«ዝም ካልሽ ዝም እላለሁ» አለና ሶኬቱን ሰካው። መብራቱ በራ፤ ፓምፑ ይንደቀደቅ ጀመር። «ካወራሽ ግን አንድ ደንበኛ አይተርፍሽም።»

በማግስቱ ማለዳ ወንድሟ ወደሚሠራበት የአውቶቡስ መናኸሪያ ሄደች። በአንድ በኩል እልህ ነው፤ ስድስት ዓመት የጠበቀችው በቀል እጇ ገብቷል። በሌላ በኩል አውቶቡሱ ላይ የሚሳፈር ስልሳ ሰው አለ፤ ከስልሳው ፊት መሪ የሚጨብጠው ደግሞ ያው የእናቷ ልጅ ነው። የትኛው እንደገፋት ብትጠየቅም አትናገርም።

የስምሪት ኃላፊው ቢሮ በሰው ተጨናንቋል። ከባለጉዳዮቹ ሁለቱ ቀሚስ ያዘዟት ደንበኞቿ ናቸው። ስታያቸው በሩ ላይ ቆም አለች፤ ቢሆንም ወደ ጠረጴዛው ቀረበችና የወንድሟን ነገር ተናገረች።

«እማማ፣ እርስዎና እሱ ዓይንና ናጫ መሆናችሁን ጎማ የሚጠግነው ሳይቀር ያውቃል» አለ ኃላፊው። «በምን ልመንዎት?»

ወደ ደንበኞቿ ዞራ አየች። ከዚያ ቀኝ እጇን ዘርግታ ወረቀቶቹ ላይ አሳረፈችው።

«ያባታችን በሽታ ነው» አለች። «እሱም ላይ አለ። ዛሬ ከማሰማራትዎ በፊት እጅህን ዘርጋ ይበሉት።»

ወረቀቶቹ ከእጇ ሥር ይንኮሻኮሻሉ። ኃላፊው ስልኩን አነሳ። ከኋላዋ አንደኛዋ ደንበኛ፣ «እንግዲያውስ ጨርቄን ዛሬውኑ መጥቼ ልውሰደው» አለች።