ሁለተኛ የወጣችው ልጅ አጃቢ

ያላወቃችሁ እወቁ፤ ያወቃችሁም ደግማችሁ ፍሩ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህች ከተማ ማንም ሰው፣ ሮጦም ሆነ ቁጭ ብሎ፣ ያለ ፈታሿ ፈቃድ ንጹሕ ሆኖ እንዳይገኝ ተደንግጓል። ፈታሿ ማን ናት ብላችሁ እንደሆነ፣ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆማ የሴቶችን ቦርሳ የምትበረብር፣ ከወገቧ ሰፋ፣ ከትዕግሥቷ ጠበብ ያለች ሴት ናት። ሹመቷ ይኸው ነው። አገር የሚያስተዳድሩት ሰዎች እንኳ የእሷን ያህል ሥልጣን የላቸውም፤ እነሱ ኪሳችንን ይከፍታሉ እንጂ የከንፈር ቀለማችንን ከፍተው አያሸቱም።

ፈታሿ ማንንም አታምንም። ልብስ ሰፊው ባሏ ወንድሙ ጋ አመሸሁ ካለ፣ ለወንድምየው ይደወልለታል፤ ወንድምየው አዎን ካለ ደግሞ ተመካክረዋል ማለት ነው። ምራቷ ሹራብ ገዝታላት የመጣች ቀን «ምን አጥፍተሽ ነው?» ብላ ነው የተቀበለቻት። ክፋት እንዳይመስላችሁ፤ ሥራዋ ከበሩ ተነሥቶ ቤቷ ድረስ ተከትሏት ገብቶ ነው። በዚያ በር ላይ በቆመችበት ዘመን ሁሉ ከጥፍር መቁረጫ የከፋ ነገር አግኝታ አታውቅም። ይህም ሰው ምን ያህል ተንኮለኛ እንደሆነ አረጋገጠላት።

እንግዲህ ዓለም አቀፉ የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ወደ ከተማዋ መጥቶ አዘጋጆቹ በጎ ፈቃደኛ አጃቢ ሲፈልጉ፣ ማን ቀድማ እንደተመዘገበች መጠየቅ አያሻም። የአጃቢ ሥራ እንዲህ ነው፦ ሯጯ ውድድሯን ከጨረሰችበት ጊዜ አንሥቶ ለአበረታች ቅመሞች ምርመራ ሽንቷን እስክትሰጥ ድረስ ዓይንን ከእሷ አለመንቀል። ከአጃቢዋ ዓይን የተሰወረች ሯጭ ምርመራ እንደሸሸች ይቆጠርባታል፤ ሜዳሊያዋም ስሟም አብረው ይሄዳሉ።

ለፈታሿ የደረሰቻት በሴቶች አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ሁለተኛ የወጣችው የአገር ልጅ ናት። ኩርባው ወደ ውስጥ ባዘነበለው ጠባብ የሩጫ መም ላይ ከኋላ ታፍና ቆይታ፣ በመጨረሻው ዙር በውጭ በኩል አንድ በአንድ እያለፈቻቸው ስትመጣ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ፈታሿ አላጨበጨበችም። «ሰው በጤናው እንዲህ አይሮጥም» አለች በልቧ።

የልጅቷ ትንፋሽ ሳይመለስ ትከሻዋ ላይ ደረሰች።

«ከአሁን ወዲያ ከእኔ ጋር ነሽ።»

«እናቴን ሳም ላድርጋት፣ እማማ። እዚያ አጥሩ ጋ ናት።»

«ሳሚያት። እኔም አለሁ።»

ነበረችም። እናትና ልጅ ሲተቃቀፉ መሐላቸው ገብታ የሁለቱንም እጅ ስታይ፣ ከሩቅ ላያት ከሁሉም የባሰ የናፈቃት እሷ ትመስል ነበር። አሰልጣኙ የተከፈተ ጠርሙስ ይዞ ቢጠጋ እጁን ይዛ መለሰችው።

«ውሃ ነው እኮ፣ እናት።»

«ውሃ ከሆነ አንተ ጠጣው።»

የምርመራው ክፍል ከአዳራሹ ሥር ነው፤ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ያልተከፈቱ የውሃ ጠርሙሶች የሞሉት ማቀዝቀዣ፣ ከዚያ ባሻገር መርማሪዋ ሐኪም አንደኛ ከወጣችው ጋር የተዘጋችበት በር። ምርመራው የሚሰጠው እዚያ ውስጥ ባለው መጸዳጃ ብቻ ነው፤ አንደኛዋም አልመጣልሽ ብሏት ቁጭ ብላለች። ልጅቷ ጠጣች፤ ላቧ ጨርሶት ኖሮ ምንም የለም። ደግማ ጠጣች።

«እርስዎም ይጠጡ እንጂ፣ እማማ። ቆመው ነው የዋሉት።»

ፈታሿ ክዳኑን መረመረች፣ ወደ መብራቱ አነሣችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ጠጣችው። ሌላም ጨመረች። ጥቂት ቆይቶ ከሁለቱ አንዷ መቁነጥነጥ ጀመረች፤ ልጅቷ ግን አልነበረችም።

«ለካ ለዚህ ነው ያጠጣሽኝ» አለች ፈታሿ ጉልበቶቿን ገጥማ።

«ለምኑ?»

«ብሄድልሽ ደስ ይልሽ ነበር፤ አይደል?»

«እርስዎ ሲሄዱ የምጠፋው እኔ ነኝ እኮ። ሸሸች ይሉኛል። ስንት ዓመት የለፋሁበት ነው።» ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «አብረን እንሂድ።»

ሐኪሟ በሯ ሲንኳኳ «ታገሡ» ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም። ስለዚህ ሄዱ። በመተላለፊያው ጫፍ ባለው መጸዳጃ ቤት፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ የሰው ቦርሳ ስትበረብር የኖረችው ሴት ተቀመጠች፤ የብር ሜዳሊያ ባለቤቷ ደፉ ላይ ቆመች።

«ፊትሽን አዙሪ።»

«ካዞርኩ እጄን አያዩትም።»

እውነቷን ነው። «እንግዲያው ዓይንሽን ጨፍኚ። እጅሽን ወደ ላይ።»

ልጅቷ እንደ ተያዘ ሌባ እጇን ሰቅላ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ያን ጊዜ ነገሩ ሆነ። ያ ሁሉ ውሃ መንገዱን ሲያገኝ ፈታሿ እፎይ አለች፤ እፎይ ስትልም፣ እንደ ማንኛውም ፍጡር፣ ዓይኗ ተከደነ። ምን ያህል እንደቆየ አታውቅም። ስትገልጠው ልጅቷ እዚያው ናት፤ ግን ፊቷ ተለዋውጧል።

«እማማ፣ ድምፁን ስሰማ... መጣብኝ።»

«ያዢው። እዚህ አይቆጠርም።»

የዚያ ምሽት ሁለተኛው ሩጫ በመተላለፊያው ተካሄደ። ፈታሿ በአንድ እጇ ቀሚሷን፣ በሌላው የልጅቷን እጅጌ ይዛ፣ ከኋላ ሆና ሳይሆን ከፊት ሆና ገባች። እንደ ዕድል አንደኛዋ ተገላግላ እየወጣች ነበር። ልጅቷ ከሐኪሟ ጋር ገብታ የሚፈለግባትን ሰጠች። ሐኪሟ ስትወጣ ፈታሿን ጠየቀቻት።

«ከዓይንሽ ተለይታ ነበር?»

ልጅቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያሰረች ነበር፤ እጇ ማሰሪያው ላይ ቆመ። ፈታሿ አየቻት። እጆቿን አየች፣ ኪስ የሌለውን የሩጫ ልብሷን አየች።

«አልተለየችም» አለች።

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ፤ ንጹሕ። ልጅቷ የብር ሜዳሊያዋ ጸናላት። ፈታሿ ግን እንቅልፍ አጣች።

«ንጹሕ ናት ተባለ አይደል? ምን ቀረሽ?» አለ ባሏ፣ መርፌውን በጥርሱ ይዞ።

«ማን መሰከረላት?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኮ።»

አንባቢዬ ሆይ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። በዚያ መሥሪያ ቤት በር ስታልፊ፣ ቦርሳሽን ከፍተሽ እየሰጠሻት ቀስ ብለሽ «ልጅቷ እውነትም ንጹሕ ናት» በይልኝ። «አንቺን ደግሞ ማን ላከሽ?» ካለችሽ ግን፣ እኔን አታውቂኝም።