ቁጡ ነኝ ያልኩ ዕለት

የሟች እህቴን ልጅ በጉዲፈቻ ወደ ካናዳ፣ ካልጋሪ ለማምጣት ስንነሳ፣ የፈራሁት የአገር ቤቱን ፍርድ ቤት ነበር። መፍራት የነበረብኝ ግን የራሴን ምላስ ነው። ይህን ያወቅሁት ሶሻል ወርከሯ ፔንብሩክ ሜዶውስ ያለው ቤታችን መጥታ ሆም ስተዲ የሚሉትን ነገር ስትጀምር ነው። እኔና ባሌ ለልጅ እንሆን እንደሆነ የምታጣራው እሷ ናት፤ እሷ ካላሳለፈችን ልጅቷ አትመጣም። እህቴ ከሞተች ጀምሮ ያስጠጋቻት ጎረቤት ደግሞ እርጅናው ከብዷት ልጆቿ ዘንድ ክፍለ ሀገር ልትገባ ነው። ልጅቷ ከእኛ ሌላ ሰው የላትም።

ሶሻል ወርከሯ ፊቷ ደግ ነው። ሶፋው ላይ ተቀመጠችና "እንደ እናት ጠንካራ ጎንሽ ምንድን ነው?" አለችኝ። ራሱን የሚያሞግስ ባለጌ ነው ተብዬ ያደግሁ ሰው፣ ምን ልበል? "ኧረ እኔ ምን አለኝ" አልኳት። ስለ ቤቱ ብትጠይቀኝ "እንደ ነገሩ ነው፣ ጠባብ ነው" አልኩ። ስለ ጠባዬ ስትጠይቀኝ "ቁጡ ነኝ፣ ልጅቷን እግዜር ይርዳት" ብዬ ሳቅሁ። የኛ ሰው ቢሆን "ኧረ ተይ፣ አንቺን የመሰለ የት ይገኛል" ብሎ ይመልስልኝ ነበር። እሷ ያልኩትን እንዳለ ጻፈች። ባሌም ይባስ ብሎ "እኔም ከሥራ ሌላ የማውቀው ነገር የለም" አላት። ጨዋነታችን ጉድ ሠራን።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደወለች። ስጋት ገብቶኛል፣ በደንብ የሚያውቃችሁን ሰው ላነጋግር አለች። ሺፍት ልገባ ፓርክ ካደረግሁ በኋላ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የጠራነው ጎረቤታችንን ጋሼን ነው፤ በአማርኛ የተማሩ የአስመራ ሰው ናቸው። እኔ ሻይ አቀርባለሁ ብዬ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ጆሮዬን ጥያለሁ።

"ቁጡ ናት?" አለቻቸው ሴትዮዋ።

"በጣም" አሉ።

ትሪው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

"ባለቤቴ ታማ በተኛች ጊዜ ሁላችንም ብናባብላት እህል እምቢ አለች። ይቺ ናት ከሥራ እየመጣች፣ እየተቆጣች ያበላቻት። እስክታርፍ ድረስ ከሌላ ሰው እጅ አልጎረሰችም። የኛ ሰው ራሱን አያመሰግንም፤ ስለ እሷ የምትጠይቂው እኔን ነው።"

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ዕድሜ ይስጣቸው፣ ያለፍነው በእሳቸው ቃል ነው።

ልጅቷ ዊንተር ሲገባ መጣች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጨዋነቷ ግን የትልቅ ሰው። ካልተባለች አትቀመጥም፣ ጉርሻ ሲዘረጋላት "በቃኝ" ትላለች፣ የበላችበትን ሳህን ራሷ ታጥባለች። እኔም የተሰጠኝን ጸጋ እንዳላበላሽ ምላሴን ነክሼ "ሆዴ፣ የኔ ቆንጆ" ስል ሰነበትኩ። ባሌ "ምነው፣ አሞሻል እንዴ?" ይለኛል። በሆዴ ግን ፈርቻለሁ። ልጅ አመጣሁ ብዬ እንግዳ ነው እንዴ ያመጣሁት?

አንድ ጠዋት ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። የትምህርት ቤቱ ባስ እንዳያመልጣት ብላ፣ ጃኬቷን ሳትቆልፍ፣ ራሷን ሳትሸፍን በሩን ከፍታ ወጣች።

"ነይ ወዲህ! ልትሞቺብኝ ነው? በዚህ ብርድ ደረትን ከፍቶ መሄድ ማን አስተማረሽ?"

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ወዲያው ክው አልኩ፤ በቃ፣ አበላሸሁት አልኩ።

ልጅቷ ዞር ብላ ትክ ብላ አየችኝ።

"እማዬም ስትቆጣ እንደዚህ ነው የምትለው" አለች። "'ልትሞቺብኝ ነው?' ነው የምትለው።"

ከመጣች ጀምሮ የእናቷን ነገር ስታነሳ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። እኔና እህቴ ቁጣውን የወረስነው ከአንድ እናት ነው፤ ለካ እህቴ ለልጇም አቅምሳታለች። ተመስገን አልኩ፣ ከልቤ። ባሱ ጥሎን ሄደ፣ ይሂድ። ተንበርክኬ ዚፑን እቆልፍላት ጀመር። አገጯን ቀና አድርጋ እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣

"ኮፍያዬስ?" አለችኝ።