ለቦርድ የሚገዛ አረቄ

የዳግም አረቄ ሽታ ዛሬም መንገድ ላይ ያስቆመኛል። ሌላው ሰው ሲሸተው መጠጥ ቤት ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ትዝ የምትለኝ ጠብታውን ቀምሳ የማታውቀው እናቴ ናት።

ሐይቅ ዳር ባለው ሰፈራችን ሹም አቦ ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር የሞባይል መጠገኛ የከፈትንበት ክረምት ነበር። የሐይቁ እርጥበት የስልኩን ሁሉ ሆድ ያበላሸዋል። ቦርዱ ላይ ጤፍ የምታህል ዕቃ ትታመምና ኤሌክትሪኩን ሁሉ ወደ ራሷ እየሳበች ትግላለች። የትኛዋ እንደሆነች በዓይን አትለይም። ስለዚህ ቦርዱን በአረቄ እናርስና ትንሽ ኤሌክትሪክ እንለቅበታለን፤ የጋለችው ላይ ያለው አረቄ ከሁሉ ቀድሞ ይደርቃል። የፋርማሲው አልኮል ሲጠፋ ዳግም አረቄ ምን ሊጎድለው!

አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ እጅጌዬ ይሸታል፤ ዓይኔም በብየዳው ጭስ በርበሬ መስሏል። አባቴን የቀበረው አረቄ ነበርና እናቴ ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም።

"እስቲ ተንፍስ!"

ተነፈስኩ። አላመነችም። ትራሴን ታሸታለች፣ የኮቴን ኪስ ትፈትሻለች፤ ውኃ በብርጭቆ ሰጥታኝ እጄ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ በጎን ታየኛለች።

"ለሥራ ነው የምገዛው" አልኳት።

"አባትህም ለሥራ ነው፣ ብርድ ይገፋልኛል ይል ነበር። ይህን ሱቅ ዝጋና ቁንዝላ አጎትህ ዘንድ ሂድ፤ እርሻውን ታግዛቸዋለህ።"

ሌላ ተስፋ አልነበረኝም፤ ያለኝ ያ ሱቅ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ድንገት ገባች። ጠርሙሱ በእጄ ነበር።

"ያዝሁህ!" አለች፣ ደንበኛ ፊት።

አስቀመጥኳትና ዓይኗ እያየ ቦርዱን አራስኩት፤ ኤሌክትሪኩን ለቀቅኩ። ሌላው ሁሉ እንደረጠበ አንዲት ነጥብ ብቻ ወዲያው ደረቀች።

"ድገመው" አለች፣ ዓይኗን ከእጄ ሳትነቅል።

ደገምኩት። እዚያው ደረቀ። ጣቷን ሰደደችና "ውይ! እሳት ናት እኮ!" ብላ ሳበችው። ከዚያ ጠጋ ብላ አፌን ለመጨረሻ ጊዜ አሸተተችኝ። ደንበኛው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ የቁንዝላን ነገር ግን ከዚያ ወዲያ አላነሳችም።

በሳምንቱ አረቄውን ራሷ ገዝታ፣ ጠርሙሱን በነጠላዋ ሸፍና አመጣችልኝ።

"አንተ አረቄ ቤት ስትገባ አይዩህ። ልጁን የሚሰጥህ ታጣለህ።"

"አንቺን ሲያዩሽስ?"

"እኔ አንዴ ያገባሁት ይበቃኛል።"

እንደዚያ እያለች ለዓመታት አመላለሰችው። ሰፈሩም ዓይኑን ወደ እሷ አዞረ። በማኅበር ቀን ጠላ ሲቀዳ በዘዴ ይዘሏት ጀመር። ልናገርላት ስነሳ "ተው፣ ወሬ ነው" ትለኝ ነበር። አሁን ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ አለኝ፤ የጋለችው ዕቃ ስክሪኑ ላይ ቀልታ ትታየኛለች። አረቄ መግዛት ከተውን ቆየን፤ ሐሜቱ ግን አልተወንም።

አምና ስትሞት፣ ድንኳኑ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ጎረቤታችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጎናቸው ላሉት ሴት ሲነግሩ ሰማሁ።

"ደግ ሰው ነበረች፤ ያች አረቄ ባትኖር።"

ላስረዳቸው ዞር አልኩ። አፌን ስከፍት ለቅሶው ቀደመኝ። ጎረቤታችን እቅፍ አድርገው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"አይዞህ ልጄ፤ እግዜር መሐሪ ነው፣ ይቅር ይላታል።"