የአንዋር መረብ

ካሚል የጨፋ ሰው ነው። የተወለደበት መንደር የቦርከና ወንዝ በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ውሃ ሲያደርገው፣ ሰዉ ከብቱን ወደ ዳገት ነድቶ እስኪጎድል የሚጠብቅበት ነው። ውሃው እንዲህ ቢቀርባቸውም ዋና የሚችል ሰው እዚያ ጥቂት ነው። ካሚልም አይችልም ነበር፤ የተማረው ጅቡቲ ነው።

እንደ እኩዮቹ በአፋር በኩል ወጥቶ ሳውዲ ሊሻገር ነበር። አልተሻገረም። ወደቡ ላይ አንድ ሽማግሌ ፈረንሳዊ ባለ ሸራ ጀልባውን የሚጠብቅለት ሰው ሲፈልግ አገኘውና እዚያው ቀረ። ጀልባዋ በነፋስ ትሄዳለች፤ ነፋስ ሲጠፋ በሞተር። ከሞተሩ ስር፣ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ የሚገፋት ክንፍ አለ፤ ፕሮፔለር ይሉታል። የካሚል ዋና ሥራ እሱን ማጽዳት ነበር። ዓሣ አጥማጆች የጣሉት መረብ ይጠመጠምበታል፣ የተበጠሰ ገመድ ይጠመጠምበታል። ካሚል ቢላዋውን ይዞ ይጠልቅና ቆራርጦት ይወጣል። የማን መረብ እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም።

"ባሕር ላይ ማንን ትጠይቂያለሽ?" አለኝ፣ በኋላ ሳነሳበት።

ፈረንሳዊው ሲሞት ጀልባዋ ተሸጠች፤ ካሚልም ተመልሶ ጨፋ ሮቢት ላይ የውሃ ፓምፕ መጠገን ጀመረ። ከዚያ አንድ የእርዳታ ድርጅት በክረምት ሰው የምታሻግር ትንሽ ጀልባ ከነሞተሯ ለመንደሩ ሰጠ። መንዳት የሚችል እሱ ብቻ ነበር። ቤንዚን እየተወደደ ሲሄድ፣ የእህል መሸፈኛ ሸራ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ሰቅሎ ባለ ሸራ አደረጋት። ተሳቀበት። ጨፋዎች ጀልባ ቀሚስ አለበሱ እየተባለ ወሬው ሰንበቴ ገበያ ድረስ ሄደ። ነፋስ ባለበት ቀን ግን ሰዉ ያለ ቤንዚን ተሻገረ፤ ወሬውም ቀስ በቀስ ቀረ።

ባለፈው ክረምት እናቴን ጀልባዋ ላይ ያሳፈራት እሱ ነው።

እናቴ ሙሚና ትባላለች። እኔ የምሠራው ከሚሴ፣ መዝገብ ቤት ነው፤ ያን ሰሞን ልጠይቃት ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ትንፋሽ አጠራት፣ ከንፈሯ ጠቆረ። ጤና ጣቢያው ከውሃው ማዶ፣ አስፋልቱ ዳር ነው። በብርድ ልብስ ተሸክመን ስናወጣት በሩ ላይ አስቆመችንና ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ "አውፍ በሉኝ" አለቻቸው። በእኛ አገር መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ እንዲህ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የሰው ሐቅ ይዞ የሄደ፣ ባለቤቱ ይቅር ካላለው ወዲያኛው ዓለም ይጠየቅበታልና። አውፍ አሏት። እኔ ልማድ ብቻ መስሎኝ ቶሎ በሉ አልኳቸው።

ጀልባዋ ላይ ከእኛ ሌላ ይበልጣል የሚባል ሰው ነበር፤ ሽንኩርት ሊገዛ መጥቶ ወደ ከሚሴ የሚመለስ ነጋዴ ነው። ገባና የእናቴን ራስ ጭኑ ላይ አደረገ። ካሚል ለፍጥነት ሞተሩንም አስነሳ፣ ሸራውንም ዘረጋ።

መሃል ላይ ሞተሩ አንዴ አጓራና ጸጥ አለ። ጀልባዋ ባለችበት ዞረች። ካሚል መጀመሪያ ሸራውን አወረደ፤ ነፋሱ በገፋን ቁጥር የያዘን ነገር እየጠበቀ ነበር። ሞተሩን ሊያነሳው ሞከረ፤ አልተነሳም። መረብ ነው። ሁለቱም ጫፎቹ ጭቃው ላይ በተተከለ እንጨት ታስረዋል፤ መሃሉ ክንፉ ላይ ተጠምጥሟል። እንደ ጥጃ ታስረን ቆምን።

መረቡን ከላይ ያንሳፈፉት አረንጓዴ የነጠላ ጫማ ቁርጥራጮች ናቸው። እዚያ መረብ የሚጥል ሁሉ በተንሳፋፊው ይታወቃል፤ አንዱ የዘይት ጀሪካን ያስራል፣ አንዱ የፕላስቲክ ጠርሙስ። ነጠላ ጫማ የሚያስረው አንዋር ነው። መሬቱን ውሃ ከወሰደበት ወዲህ ቤቱን የሚያኖረው ከዚያ መረብ በሚያወጣው አምባዛ ዓሣ ነው። ያን ቀን ገበያ ሄዶ ነበር።

ካሚል ቢላዋውን ይዞ ገባ፤ ውሃው ደረቱ ጋ ደረሰ። ይበልጣል፣ "ቁረጠውና እንሂድ፣ ለሰውየው እኔ ሌላ እገዛለታለሁ" አለው። እኔም ቁረጠው አልኩት።

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። "የማን ነው?"

"የአንዋር" አላት ካሚል።

"ሳይጠየቅ?"

ካሚል ቢላዋውን ወደ መረቡ አስጠጋ።

"አትቁረጠው፣ ልጄ" አለችው። "አሁን የሰው ሐቅ ይዤ አልሄድም። ፍታው።"

ካሚል እኔን አየኝ። ከዚያ ቢላዋውን ጀልባዋ ላይ አስቀመጠና ክንፉን በእጁ ወደ ኋላ እያዞረ መፍታት ጀመረ። አንድ ዙር ሲፈታ አንዱ ይጠብቃል። አልቅት ክንዱ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ አላራገፈውም። የእናቴን እጅ ይዤ ነበር፤ ይቀዘቅዛል። ካሚልን በቀስታ ቁረጠው አልኩት፣ እሷ እንዳትሰማ። ቀና ሳይል "ቱሪ" አለኝ፤ ቆይ ማለቱ ነው። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ሰዓቴን አላየሁም፤ ሌላ ጊዜ ሁልጊዜ አያለሁ።

በመጨረሻ ቀና አለ። "ፈታሁት፣ እናቴ" አላት።

"ገለቶሚ" ብላ በኦሮምኛ አመሰገነችው። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ጤና ጣቢያው ደረስን። ኦክስጅን እያያዙላት ሳለ አረፈች። ቀደም ብለን ብንደርስ ኖሮ ትተርፍ እንደሆነ የጤና መኮንኑን ጠየቅኩት። አላውቅም አለኝ። የሚያጽናና ነገር አልጨመረበትም፤ ባለመጨመሩ አልተቀየምኩትም።

ሐዘን ተቀምጠን ሳለ ካሚል አንዋርን ይዞ መጣ። ዱአ ተደርጎ ሰዉ አሚን ካለ በኋላ፣ ካሚል ከተቀመጠበት ሳይነሳ ተናገረ። የመረቡን ዓይን ሁሉ ፈታሁ፣ አለ፤ የላዩ ገመድ ግን ክንፉን የሚያዞረው ዘንግ ላይ ቀልጦ ተጣብቆ ነበር።

"እሱን ቆርጬዋለሁ። ፈታሁት ያልኳት ዋሽቼ ነው።"

አንዋር ቁራጩን አስቀድሞ አይቶት ነበር። ቀጭን ሰው ነው፤ ሲናገር መሬት መሬት ያያል። "ቋጥሬዋለሁ" አለ። "ለሷም ላንተም አውፍ ብያለሁ። የዋሸሃትን ግን እኔ አውፍ ልልህ አልችልም፤ የእኔ አይደለም።"

ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። ካሚል አላየኝም፤ አልጠየቀኝምም። አውፍ አልኩት። ቃሉን አልኩት እንጂ ውስጤ ምንም አልነበረም። ያን ሰሞን ምንም አይሰማኝም ነበር፤ አሁንም ብዙ የተለወጠ ነገር የለም። የማስበው አንድ ነገር ነው፦ መጨረሻ ላይ የዋሻትን መጀመሪያ ላይ ቆርጦ ቢዋሻት ኖሮ። ይህን ለእሱ ነግሬው አላውቅም። እሱም እንደሚያስበው አውቃለሁ።

ዘንድሮ ዝናቡ ሳይጀምር ካሚል መረብ የሚጥሉትን ሁሉ በየቤታቸው ዞረ። መረብህ ሞተሬ ውስጥ ከገባ፣ የታመመ ሰው ከያዝኩ እቆርጠዋለሁ፤ ከአሁኑ አውፍ በለኝ እያለ። መጀመሪያ የሄደው አንዋር ጋ ነው። አንድ ሽማግሌ፣ አምባዛዎቹንስ አውፍ አስብለሃል ወይ ብሎ ቀለደበት። ሁሉም አውፍ አሉት።

የእናቴን ቤት ልዘጋ በሄድኩ ጊዜ ያሻገረኝ እሱ ነው። የተሳፈርነው ሁሉ ጤነኛ ሰዎች ነበርን። አረንጓዴዎቹ ተንሳፋፊዎች ጋ ስንቃረብ ሞተሩን አጠፋና ከውሃው አወጣው፤ ሸራውንም አወረደ፤ በረጅም እንጨት እየገፋ በላዩ አሳለፈን። ተሳፋሪዎቹ ዘገየን ብለው አጉረመረሙ። የመረቡ ገመድ ከጎኔ አለፈ፤ ቋጠሮውን አየሁት። ድርብ ነው፣ ጥሩ አድርጎ ነው የቋጠረው።

"ፈያዳ?" አለኝ ካሚል ከኋላዬ፤ ደህና ነሽ ማለቱ ነው።

"ፈያ" አልኩት። ሞተሩን አስነሳ።