ለጠላ ያጠንሁት ማድጋ

ከሁለት ዓመት በፊት ለገና አንድ ጋንና አንድ ማድጋ ሙሉ ጠላ ጠመቅሁ። ጋኑ ይበቃ ነበር። ማድጋው የተጨመረው በእልህ ነው።

የባሌ ወንድሞች ሦስት ናቸው። ባሌ ከሞተም በኋላ ገናን ፍኖተ ሰላም እኔ ቤት መዋል አልተዉም፤ ከገጠር በጠዋት ይመጣሉ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ገና ጠላው ከቀትር በኋላ አለቀብኝ። ታላቅየው ብርጭቆውን ገልብጦ አሳየኝና፣

“ወንድማችን ሲሞት ጋኑንም ይዞት ሄደ እንዴ፣ እትዬ?” አለ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ዓመቱን ሙሉ ግን አልረሳሁትም።

ማድጋው የጠላ አልነበረም። የልጅ ልጄ የስኳር ሕመምተኛ ናት። እናቷ ቡሬ እህል መጋዘን ስለምትሠራ ልጅቷ እኔ ጋ ሆና ትማራለች። ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ ትወጋለች። መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም። መብራት ውሎ እያደረ በሚመጣበት አገር ፍሪጅ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ስለዚህ የሆስፒታሉ ነርስ አንድ ቀን ሰብስባ አስተማረችን፦ አፈ ሰፊ ማድጋ ውስጥ አሸዋ ትሞላላችሁ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ታረጥባላችሁ፣ ብልቃጦቹን ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ አሸዋው ውስጥ ትቀብራላችሁ፤ ማድጋውም ጥላ ሥር ይቆማል። ያን ቀን ከጎኔ የተቀመጡት የሰፈራችን የኔታ ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውም ይወጋሉ።

“እንግዲህ በስተርጅና አንድ ትምህርት ቤት ገባን” አሉኝ ስንወጣ።

ገና ስምንት ቀን ሲቀረው ለጠላው ያሰብሁት ሁለተኛ ጋን ሲታጠብ ተሰነጠቀ። በበዓል ሰሞን ማንም ጋኑን አያውስም። ድፍድፉ ደርሷል፣ ጌሾው ተወቅጧል። ዞር ስል ማድጋውን አየሁት። በአንዱ ጋን ብቻ ልጠምቅ እችል ነበር። የታላቅየው ብርጭቆ ግን ተገልብጦ ታየኝ።

አሸዋውን ጓሮ አፈሰስሁት። ማድጋውን በግራዋ ፈትጌ አጠብሁ፣ ወይራ አጭሼ አፉን ጭሱ ላይ ደፋሁት። ደኅና አድርጌ አጠንሁት። ውስጡ የነበሩትን ሦስት ያልተከፈቱ ብልቃጦች በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ድመት እንዳይነካቸው፣ ማድ ቤት ቆጡ ላይ ሰቀልኋቸው። ለዚያች ከሰዓት ብቻ ብዬ ነው። ማታ ሌላ ዕቃ እፈልግላቸዋለሁ ብዬ ነው።

ያን ሳምንት ማድ ቤቱ እሳት አልጠፋበትም። አሻሮ ተቆላ፣ ዳቦ ተጋገረ፣ በርበሬ ታመሰ። የተከፈተው ብልቃጥ ሳሎን ስለነበር እጄ ወደ ቆጡ አልሄደም። እሱ ሲያልቅ ከቆጡ አንዱን አወረድሁ። ጨርቁ ደርቆ እንደ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ብልቃጡም ሞቅ ይል ነበር። የእጄ ሙቀት ነው አልሁና ወጋኋት።

መንገዱ የተዘጋው በዚያው ሰሞን ነው። ቡሬ በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ግን ቡሬና ኢየሩሳሌም እኩል ይርቃሉ። ስልክም ጠፋ። ልጄ ለበዓል ስትመጣ አዲስ መድኃኒት ይዛ እንደምትመጣ ተነጋግረን ነበር።

በገና ዋዜማ፣ በጋዱ፣ ጠዋት ልጅቷ ከመደቡ አልተነሣችም።

“እምዬ፣ ውሃ።”

“አሁን ጠጣሽ እኮ።”

“አልጠጣሁም።”

ጆጉ ባዶ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ነው የሞላሁት። ሌሊቱንም ለሽንት ስትመላለስ አድራለች፤ እኔ ዳቦውን አብዝታ በልታ ነው ብያለሁ። ብልቃጡን አንሥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረብሁት። ይህ መድኃኒት ሲገላበጥ እንደ ወተት አንድ ዓይነት ይሆናል። ያ ግን እንደ አሬራ ፈረፈር ብሎ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። የቀሩትን ሁለቱንም አየኋቸው። እንደዚያው ናቸው።

ሆስፒታል ይዣት ስደርስ ነርሷ ብልቃጡን እንዳየች አወቀችው።

“ይሄማ ረግቷል፣ እማማ። የት ነበር?”

“ቤት።”

“ማድጋው ውስጥ?”

የልጅቷን ጋቢ ሳብ አድርጌ አለበስኋት። እሷም መጠየቋን ተወች። ለልጅቷ ግሉኮስ ሳይሆን ሌላ ውሃ ተከለችላትና ለድንገተኛ ከተቀመጠው ወጋቻት። ያ የመጨረሻው ነበር።

“ለነገ የለንም” አለችኝ። “መኪና እየጠበቅን ነው።”

“መቼ ይመጣል?”

“እርስዎ የሚያውቁትን ያህል ነው የማውቀው።” ከዚያ ስሪንጁን እየሰበሰበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ “ከእርስዎ ጋር የተማሩት አባት ባለፈው ወር መድኃኒት ወስደው ነበር። እኔ ምንም አላልሁም” አለች።

በገና ቀን ዶሮዋን አላረድሁም። ግቢው ውስጥ ስትጭር ዋለች። የባሌ ወንድሞች አልመጡም፤ በዚያ መንገድ ማንም አይመጣም። ሜዳው ላይ ልጆች ገና ሲጫወቱ ጩኸታቸው ይሰማል። ጠላው ከእነ ክዳኑ ቆሟል፤ የማድጋው ከጋኑ ይልቅ አምሮ ወጥቶ ነበር። ልጅቷን ጎረቤቴ እንድታያት ነግሬ ወደ የኔታ ሄድሁ።

“እንኳን አደረሰዎ፣ የኔታ።”

“እንኳን አብሮ አደረሰን። ባዶ እጅሽን መጣሽ? ስለ ጠላሽ ሰፈሩ ሲያወራ ነው የሰነበተ።”

“ጠላውስ አለ።”

“ጠጪው ነዋ የጠፋው። ተቀመጭ።”

ተቀመጥሁ። የእሳቸው ማድጋ ከአልጋቸው ራስጌ፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቆሟል። እህታቸው መነኩሲት ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። የመጣሁበትን ነገር በምን ቃል እንደምጀምረው አላውቅም ነበር። ጨው ወይም እሳት መለመን አይደለም።

“ማድጋዎ ያቀዘቅዛል?” አልኋቸው።

“ያቀዘቅዛል። የአንቺስ?”

“የእኔን ለጠላ አጠንሁት።”

የኔታ ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ሰው በቅኔ ሲሳሳት የሚያደርጉት ነው ይባላል፤ ተማሪው ራሱ ስሕተቱን እስኪሰማው ዝም ይላሉ።

“ልጂቱ ስንት ዓመቷ ነው?” አሉኝ በመጨረሻ።

“አሥራ አንድ።”

“ዛሬ የምትወጋው አላት?”

“የለም።”

መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ጆንያውን ገልጠው እጃቸውን አሸዋው ውስጥ እስከ ክርናቸው ሰደዱ። ብዙ ዳበሱ። አንድ ብልቃጥ አወጡ፤ ተከፍቷል፣ ግን ከግማሽ በላይ አለው። አሸዋውን በነጠላቸው ጠርገው እጄ ላይ አኖሩት። ቀዝቃዛ ነበር።

“እርስዎስ?”

“ሌላ አለኝ። ታች ነው ያለው። አሁን አሸዋውን አታስበጥብጪኝ።”

ማድጋው ከእኔ አንድ ክንድ አይርቅም። እጄን ብሰድ አገኘዋለሁ፣ ወይም አላገኘውም። ላሳይሽ አላሉኝም፤ ያሳዩኝ አላልሁም። ባላገኘው ኖሮ ምን አደርግ እንደ ነበር እስከ ዛሬ አላውቅም ብዬ ልጽፍ ነበር። አውቃለሁ። ስለዚህ ነው እጄን ያልሰደድሁት።

ወጥቼ እስክሄድ ድረስ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ያን ጠላ እንዳታፈሺው። ጥቂት ሰንብቶ ሰው ያስፈልገው ይሆናል።”

ልጅቷን ወጋኋት። በማግሥቱ ተነሥታ ተቀመጠች፤ በሦስተኛው ቀን ዶሮዋን ለምን እንዳላረድሁ ጠየቀችኝ። አሸዋውን ከጓሮ ለቅሜ በተሰነጠቀው ጋን ውስጥ እስከ ግማሹ ጨመርሁት፤ የየኔታን ብልቃጥ እዚያ ቀበርሁ። ነርሷ መጠኑን በጥቂቱ ቀነሰችልኝ፣ እንዲዘልቅ። ጠዋት ጠዋት ብልቃጡን አንሥቼ የቀረውን በጥፍሬ እለካ ነበር።

የከተራ ዕለት ታቦት ሲወጣ ልጅቷን ይዤ ቆምሁ። አዲስ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ሰፍቷታል። መዘምራኑ እያሸበሸቡ ሲያልፉ የኔታን ፈለግኋቸው። በየዓመቱ ከፊተኛው መደዳ፣ ከቀኝ በኩል ናቸው። ቦታቸው ላይ ሌላ ሰው ቆሟል።

“የኔታ የሉም” አልሁ አጠገቤ ላለችው ሴት።

“እግራቸውን አሟቸዋል አሉ። እርጅና ነው።”

“እርጅና ነው” አልሁ እኔም።

ከባሕረ ጥምቀቱ በየኔታ ቤት በኩል መመለስ ይቻል ነበር። በሌላው መንገድ ተመለስሁ። ሄጄ ባያቸው ብልቃጡን መመለስ ነበረብኝ፤ ብልቃጡ ውስጥ የቀረው ደግሞ ከጥፍሬ ስፋት አይበልጥም። ልጅቷ እየዘለለች ከፊቴ ትሄድ ነበር።

መንገዱ የተከፈተው ከጥምቀት አራት ቀን በኋላ ነው። ልጄ ገሚሱን በሚኒባስ፣ ገሚሱን በእግሯ መጣች፤ መድኃኒቱን በበረዶ አድርጋ በፔርሙዝ ይዛለች። ልጇን አቅፋ ስታለቅስ እኔ ሁለት ብልቃጥ አንሥቼ ወጣሁ።

በሩን የከፈቱልኝ መነኩሲቷ ናቸው። ማድጋው ከአልጋው ራስጌ አልነበረም። ከደጅ ጥግ ተደፍቶ፣ አሸዋው ከጎኑ ደርቆ ተከምሯል።

“ምን ይሠራልናል” አሉኝ ወዴት እንደማይ አይተው። “ከገና ወዲህ ባዶ ነው።”

የኔታ ጋቢ ለብሰው ተኝተዋል። እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ቤቱ ቁስል ቁስል ይሸታል። ብልቃጦቹን ሳሳያቸው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩአቸው።

“ልጂቱ ቆመች?”

“ቆመች፣ የኔታ።”

“ጠላውስ?”

“ኮመጠጠ።”

“ይኸው፤ የእልህ ነገር” አሉና ትንሽ ሳቁ።

ሌላ አላሉኝም። እኔም ይቅር ይበሉኝ አላልሁም፤ አፌ ላይ ነበር። በማግሥቱ ሆስፒታል ወሰድናቸው። እግራቸውን ቆረጡት። ዐቢይ ጾም ሳይጋመስ ሞቱ። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ዕድሜያቸውን ያነሣ ነበር፤ የጠገቡ ሽማግሌ ናቸው፣ በተስኪያን አገልግለው ነው የሞቱት ይሉ ነበር። መነኩሲቷ ከሴቶቹ መካከል አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ለማንም አልተናገሩም። እኔም አልተናገርሁም፤ ለልጄም፣ ለልጅቷም።

ዘንድሮ የባሌ ወንድሞች ለገና መጡ። መንገዱ ለአንድ ሳምንት ተከፍቶ ነበር። ልጅቷ አሁን አሥራ ሦስት ሆናለች፤ ራሷ ትወጋለች፣ ጠላም ትቀዳለች። ከቀትር በኋላ ጋኑ ነጠፈ። ታላቅየው ብርጭቆውን ገለበጠ።

“አይ እትዬ፣ ዘንድሮም አለቀብሽ? ያ ማድጋ ቆሞ የለም እንዴ? እሱን ብትሞይው ምን ነበር?”

“አለቀ” አልሁት።

ልጅቷ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች። ስትመለስ ውሃ በጣሳ ይዛ ነበር፤ ማድጋው ጥግ ሄዳ አሸዋውን እያዳረሰች ቀስ ብላ አርከፈከፈችው።