በቆርቆሮ ያፈንኩት ሬዲዮ

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ አብራኝ አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ከዝዋይ መጥታ አጎቷ ቤት ነበር የምትኖረው። እሷ እስክትመጣ ድረስ በፊዚክስ የሚቀድመኝ አልነበረም።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ቀጭን የመስታወት የሙከራ ቱቦ በዘይት ሞልታ፣ ዘይት ያለበት ትልቅ ብርጭቆ ውስጥ ነከረችው። ቱቦው ከዓይናችን ጠፋ። ከኋላ ያሉት ለማየት ተነሱ።

«የትም አልሄደም» አለች ረጋ ብላ። «ብርሃን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲያልፍ ይታጠፋል፤ ዓይናችን የሚይዘው እሱን ነው። ቱቦውና ዘይቱ ግን ብርሃኑን እኩል ስለሚያጥፉት ድንበራቸው አይታይም።»

«ሰውንስ እንዲህ መሰወር ይቻላል?» አላት አስተማሪያችን።

«ብርሃኑን በሰውየው ዙሪያ አዙሮ ከኋላው የሚያገናኝ ነገር ከተገኘ፣ ለምን አይቻልም?»

አስተማሪያችን እጇን ጨበጣት። የእኔን ጨብጦ አያውቅም። የዚያን ቀን ምሳ አልበላልኝም።

ትምህርት ቤታችን የሳይንስ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ እሷን የምበልጥበት ነገር ስፈልግ ሰነበትኩ። በመጨረሻ የአባቴን ትንሽ ሬዲዮና የብስኩት ቆርቆሮ ይዤ ሄድኩ። የሬዲዮ ሞገድም እንደ ብርሃን ነው፤ ብረት ግን አያሳልፈውም። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ካድሬ፣ ጠረጴዛዬ ጋ ሲደርስ ዜና እየተነበበ ነበር። ሬዲዮውን ቆርቆሮው ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ገጠምኩ። ድምፁ ጠፋ።

የሰውየው ፊት ተለወጠ። «ዜናውን ለምን አፈንሽው?»

ያቺ ልጅ ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ መጣች።

«ጓድ፣ ሞገዱ ብረቱ ላይ ሲያርፍ ብረቱ ይመልሰዋል፤ ወደ ውስጥ አይገባም። ክዳኑን ቢያነሱት ይሰማል።»

አነሳው። የዜና አንባቢው ድምፅ ተመለሰ። ካድሬው ሳቀና «ጎበዝ ነሽ» አላት፤ እሷን። ሥራው የእኔ ነበር።

ማመስገን ነበረብኝ፤ አመሰገንኳትም። ውስጤ ግን ባትደርስልኝ ይሻለኝ ነበር ይል ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ሁለታችንም አለፍን። እሷ ሶቭየት ኅብረት ለትምህርት ስትመረጥ እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ደረሰኝ። ስትሄድ ሻንጣዋን ይዤ አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት። «አንቺም ትከተይኛለሽ» አለችኝ። አቀፍኳት።

እኔ አቦምሳ ተመደብኩ። እዚያ ፊዚክስ ሳስተምር፣ ጎበዝ ተማሪ አመስግኜ ስጨርስ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው አጠገቡ ወደተቀመጠው ልጅ ነበር።