አጁሉ ያልጠረገችው ሰሌዳ

አጁሉ በጋምቤላ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቀን የጽዳት ሠራተኛ፣ ማታ ደግሞ በዚያው ግቢ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስምንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ስትጠርግ፣ ከመጥረጓ በፊት የተጻፈውን ማንበብ ልማድ ሆነባት፤ ሒሳብን የወደደችውም እንዲሁ ቆማ ስታነብ ነው።

በመጨረሻው የሒሳብ ፈተና አርባ ስምንት አገኘች። ወደ አሥረኛ ክፍል ለመዛወር ሃምሳ ያስፈልጋል። ሁለቱ ማርክ የጎደለባት x² = 7x በሚለው ጥያቄ ነው። እሷ 0 እና 7 ብላ ነበር፤ መምህር ጥዑመልሳን ግን ዜሮዋን በቀይ ሰረዙት። ትላንት ማታ ወረቀት ሲመልሱም ሁለቱንም ወገን ለ x አካፍለው፣ «መልሱ 7 ብቻ» ብለው በሰሌዳው ላይ ጻፉ። አጁሉ የምትከራከርበት አማርኛ አልመጣላት ብሎ ወረቀቷን ይዛ ወጣች።

ጠዋት ግን ሰሌዳውን አልጠረገችም። ከመምህሩ ጽሑፍ ሥር በጠመኔ የራሷን አሠራር አሰፈረች፦

x² − 7x = 0
x(x − 7) = 0
x = 0 ወይም x = 7

የቀን ተማሪዎች ገቡ።

«አጁሉ፣ ዳስተር ጠፋብሽ ወይስ ቲቸር ሆንሽ?» አለ ጋትሉዋክ ከኋላ ወንበር። ክፍሉ ሳቀ።

«ተቀመጥ፣ ታያለህ» አለችው።

የቀን ተማሪዎችንም የሚያስተምሩት መምህር ጥዑመልሳን ገብተው ሰሌዳውን አዩ። «ይሄ ለምን አልጠፋም?»

«ስህተት አለው ቲቸር። ሳይታረም አላጠፋም።»

«የማን ስህተት?»

«የእርስዎ።»

አጁሉ ዳስተሩን ከጀርባዋ ደበቀችው።

«ለ x አካፈልን፣ ሰባት ቀረ። ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?»

«x ራሱ ዜሮ ከሆነስ? በዜሮ አይካፈልም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አስገብተው ይዩት።»

መምህሩ ጠመኔ አነሡ። በግራ በኩል ዜሮ ሲባዛ በዜሮ፣ ዜሮ። በቀኝ በኩል ሰባት ሲባዛ በዜሮ፣ ዜሮ። ጠመኔውን አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ።

«ወረቀትሽን አምጪ» አሉ።

ከጋዋኗ ኪስ አውጥታ ሰጠቻቸው። አርባ ስምንቱን ሰርዘው ሃምሳ ጻፉና ፈረሙበት።

«በይ፣ አሁን አጥፊው።»

«አይሆንም ቲቸር» አለች አጁሉ። «መጀመሪያ ተማሪዎቹ ይገልብጡ።»

ዳስተሩን ይዛ ከሰሌዳው አጠገብ ቆመች፤ ጋትሉዋክ የመጨረሻዋን መስመር ጽፎ እስክሪብቶውን እስኪያስቀምጥ ድረስም አልተነቃነቀችም።